የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ፦ ክፍል ገብቶ መማር ወይስ ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን መግዛት?

«ልብ ወለድ መጻፍ መማር እፈልጋለሁ፤ የቱ ይሻለኛል?» የሚሉኝ ጓደኞቼ በዝተዋል። መልሴ አንድ ነው። የምትጽፉት በአማርኛ ከሆነ በአካል የሚሰጠውን፣ ተማሪው ጥቂት የሆነውን ያዙ። ዋጋው ወደድ ቢልም ያዙት።

ዋጋ ስታነጻጽሩ «ጽሑፌ ስንት ጊዜ ይታረምልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ 4,000 ብር አስከፍሎ አንድ ረቂቅ ቢያርም፣ ሌላው በ9,000 ብር ስድስት ቢያርም፣ ርካሹ ሁለተኛው ነው። አንዱ እርማት 1,500 ብር ወጣ ማለት ነው። ታክሲና ፕሪንት ተጨምሮበትም ያዋጣል። የተማሪውንም ብዛት ጠይቁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 30 ሰው ካለ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 4 ደቂቃ ነው፤ አሥር ከሆኑ ግን 12 ደቂቃ። «ጎበዝ፣ በርቱ» እርማት አይደለም። በእስክሪብቶ የታረመ የቀድሞ ተማሪ ረቂቅ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።

ቴሌግራም ላይ ያለውንማ አልመክርም። አንዲት ጓደኛዬ 500 ብር በቴሌብር ላከች። የመጣላት ከሌላ ቦታ የተቀዳ ቪዲዮ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል፣ መሃል ላይ ሁለት ክፍል የለም። አብሮ የተላከው ማስታወሻ በማሽን የተተረጎመ ስለሆነ አይጨበጥም። ብትጠይቅ የሚመልስ የለም። ቆይቶ ቻናሉም ጠፋ። በጣም የሚያናድደኝ፣ ደህናው ነገር በነፃ እያለ መሸጡ ነው። ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሰጡ የልብ ወለድ አጻጻፍ ትምህርቶች ዩቲዩብ ላይ አሉ። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም የጽሑፍ ኮርሶቹን ኦፕን ኮርስዌር በሚባለው ድረ ገጹ ላይ ያለ ክፍያ ለቋል። እንግሊዝኛ ከቻላችሁ ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ መቼት ከዚያ ተማሩ። በዶላር የሚከፈልባቸው ግን ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ የሚቀመሱ አልሆኑም።

እነዚህ ሁሉ ግን የአማርኛ ረቂቃችሁን አያነቡላችሁም። ምራት አማቷን በሰው ፊት «አንቺ» ስትል ትዕይንቱ እንደሚፈርስ የሚነግራችሁ አማርኛ አንባቢ ብቻ ነው። በየንግግሩ መጨረሻ «አለ»፣ «አለች» ሲደጋገም የሚሰለቸውም እሱ ነው።

ማን በቁም ነገር እንደሚያርም ለማወቅ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) በሚካሄዱ የመጽሐፍ ውይይቶች ላይ ኮርስ የወሰዱ ሰዎችን ፈልጋችሁ ጠይቁ። ስትመዘገቡም ሙሉውን አትክፈሉ። ግማሹን ስጡ፤ ቀሪውን የመጀመሪያው ረቂቃችሁ ታርሞ እጃችሁ ሲገባ።