ካውንስሊንግ ወይስ ሶሻል ወርክ? አሜሪካ ላላችሁ

አሜሪካ ሆናችሁ ቴራፒስት ለመሆን ማስተርስ ካሰባችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚያምታታው ምርጫ ክሊኒካል ካውንስሊንግ ወይስ ሶሻል ወርክ የሚለው ነው።

ካውንስሊንጉ ትኩረቱ ቴራፒው ላይ ነው። ካክረፕ (CACREP) የሚባለው የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚገመግም ተቋም እውቅና የሰጠው ፕሮግራም ቢያንስ 60 ክሬዲት አለው። 100 ሰዓት ፕራክቲከም (የመጀመሪያ ደረጃ ልምምድ) ትሠራላችሁ፣ ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ፤ ከዚህ ውስጥ 240ው በቀጥታ ከደንበኛ ጋር መሆን አለበት።

ሶሻል ወርክ ደግሞ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል። ግን ልምምዱ ቤት ማፈላለግ ወይም የምግብ ድጋፍ ፎርም ማስሞላትም ሊሆን ይችላል። ይሄ አንዳንዱን ያሰለቸዋል። እኔ ግን የእኛን ሰው ማገልገል ለሚፈልግ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ የቤት ኪራይ እንቅልፍ ነስቶት የመጣን አባወራ ስለ ልጅነቱ ብቻ ስትጠይቁት ብትውሉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አታገኙትም።

ገንዘቡስ? የሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ብዙ ትምህርት ቤቶች ማስተርሱን በአንድ ዓመት ገደማ ያስጨርሱታል። ካውንስሊንግ ላይ እንዲህ ያለ አቋራጭ እምብዛም የለም። ሜዲኬርም (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ጤና መድን) ለካውንስለሮች መክፈል የጀመረው ገና በ2024 ነው፤ ሶሻል ወርከሮች ቀድመው ገብተዋል።

ከምርቃት በኋላ ሁለቱም በሱፐርቪዥን (በባለሙያ ክትትል ሥር) ሠርተው ነው ሙሉ ላይሰንስ የሚያገኙት፤ ሰዓቱ እንደየስቴቱ ይለያያል። ስቴት ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ሳትመዘገቡ በፊት የምትሄዱበትን ስቴት የላይሰንስ ቦርድ ጠይቁ።