የማርና የጠጅ ሥርወ ቃል በሁለት መዝገበ ቃላት፦ የአንድ ጎንደሬ አስጎብኚ ግምገማ

ፋሲል ግንብን አስጎብኝተን እንግዶቻችንን ወደ ጠጅ ቤት ስንወስድ፣ ብርሌው እንደ ቀረበ «ይህ እኮ በአገራችንም አለ» የሚል ስዊድናዊ ወይም ሊትዌኒያዊ አይጠፋም። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ስንቅ የሚሆኑ፣ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚነበቡ ሁለት መዝገበ ቃላትን በማርና በጠጅ ስሞች ፈትኛቸዋለሁ።

የስዊድን አካዳሚ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. ከ1521 ወዲህ የተጻፈውን ስዊድንኛ የሚመዘግብ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1893 ታትሞ ሥራው የተጠናቀቀው በ2023 ነው። የማር ጠጅ «ምዮድ» ይባላል፤ ከቃሉ ቀጥሎ የጥንቱ ስዊድንኛና የዘመድ ቋንቋዎች ቃላት በቅንፍ ተደርድረዋል፤ ምህጻረ ቃላቱ ግን ጀማሪን ያደናግራሉ። የዚህ ቃል ዘመድ በሳንስክሪት «መዱ» ተብሎ ማርን፣ በጥንታዊ ግሪክኛ «ሜቱ» ተብሎ ወይንን ያመለክታል። ስዊድኖች ግን የጥንቱን ቃል ለመጠጡ ብቻ አስቀርተው ማሩን «ሆኑንግ» ይሉታል፤ ስያሜው ከወርቃማ መልኩ እንደ መጣ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ።

የሊትዌንኛው ታላቅ መዝገበ ቃላት ከ1941 እስከ 2002 በ20 ቅጽ የታተመ ነው። በሊትዌንኛ ማር «መዱስ»፣ የማር ጠጅ ደግሞ «ሚዱስ» ስለሆነ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተወለደ ይመስላል፤ ነገር ግን «ሚዱስ» ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ፣ ምናልባትም ዛሬ ከጠፋው የጎቶች ቋንቋ ከጎትኛ፣ በውሰት የገባ መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ጎትኛ የጥንቱን «ኤ» ወደ «ኢ» ስለሚለውጥ፣ የውሰቱ ምልክት በመጀመሪያው ፊደል ላይ ቀርቷል። ማሩን በራሳቸው ቃል፣ ጠጁን በጎረቤት ቃል ይጠሩታል ማለት ነው። (በግእዝ ጠጅ «ሜስ» መባሉን ለቤተ ክህነት ተማሪዎቻችን መንገር አያሻም።)

ይህን የዘር ሐረግ የሚፈልግ ሰው ግን በሊትዌንኛው መዝገብ ብቻ አይረካም፤ የመዝገቡ ብርታት ከየአካባቢው አነጋገርና ከ1547 ወዲህ ከታተሙ ጽሑፎች በተለቀሙት ምሳሌዎች ላይ ነው። ለሥርወ ቃል የቋንቋ ሊቁ ኧርንስት ፍሬንከል በጀርመንኛ ያዘጋጀውን የሊትዌንኛ ሥርወ ቃል መጽሐፍ መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ በእኔ ሚዛን የስዊድኑ ይበልጣል፤ ይሁንና የመጀመሪያ ቅጾቹ አርጅተዋል፤ ለምሳሌ «አለርጂ» የሚለው ቃል ወደ ስዊድንኛ የገባው የ«A» ፊደል ቅጽ ከታተመ በኋላ በመሆኑ በውስጡ ሊካተት አልቻለም። ሁለቱም ማብራሪያቸውን በየራሳቸው ቋንቋ ስለሚሰጡ፣ ስዊድንኛም ሆነ ሊትዌንኛ የማያውቅ አስጎብኚ የትርጉም መሣሪያ ከጎኑ ከፍቶ ቢያነብ ይሻለዋል፤ እንግዳውም «አንድ ዓይነት ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ፣ የእኛ ጠጅ በጌሾ እንደሚጣል ቢጨምርለት መልሱ የተሟላ ይሆናል።