ሪኩጊኤን፦ ቶኪዮ መሀል የተገኘ ጸጥታ

ቶኪዮ ከሄዳችሁ ሪኩጊኤን የሚባለውን የአትክልት ስፍራ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከኮማጎሜ ባቡር ጣቢያ በእግር ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ መግቢያው ደግሞ 300 የን ብቻ። በሩን አልፋችሁ ትንሽ ገባ ስትሉ የመኪናው ጫጫታ እየራቀ ይሄድና ጠጠሩ ላይ የራሳችሁን ኮቴ መስማት ትጀምራላችሁ።

በ1702 እ.ኤ.አ. ያሠራው ያናጊሳዋ ዮሺያሱ የሚባል መስፍን ነው። ሰውየው ግጥም ወዳድ ስለነበር በጃፓን ግጥሞች ውስጥ ያሉ 88 ትዕይንቶችን በኩሬው ዙሪያ በትንንሹ አሠራቸው። እኔን ቆሜ እንድቀር ያደረገኝ ግን ቶጌትሱክዮ ድልድይ ነው። ሁለት ትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ በቃ። መደገፊያ የለው ምን የለው! ስትሻገሩ ቀስ በሉ።

ፉጂሺሮ የምትባለዋ ኮረብታ ላይ ውጡ፣ ኩሬው ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ውሃው ዳር ካለው ሻይ ቤት ማቻ እዘዙ፤ አረፋው ከላይ የተኛ አረንጓዴ ሻይ ነው፣ መረር ይላል፣ አብሮት የሚመጣው ጣፋጭ ግን ያለሳልሰዋል። ቅር ያለኝ ቶሎ መዘጋቱ ነው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10:30 በኋላ አያስገቡም፣ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ።