ሃሪድዋር በአንድ ቀን? አይበቃም

እናቴን ለሕክምና ዴልሂ ይዤ ስሄድ ጉዞውን ያዘጋጀልን እዚሁ ሀዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ የጉዞ ወኪል ነው። ቪዛና ትኬት ላይ እንከን አላየሁባቸውም። ልጆቹ ቀልጣፋ ናቸው፣ ስልክም ያነሳሉ። ቅሬታዬ ጨምረው የሸጡልን የሃሪድዋር፣ ማለትም ሰሜን ሕንድ ያለችው የሂንዱዎች ቅድስት ከተማ፣ የአንድ ቀን ጉብኝት ላይ ነው።

ከዴልሂ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀኑን መንገድ ይበላዋል። አስጎብኚው ግን አንደኛ ነው! ወንዙ ዳር አስቀምጦ ታሪኩን ከሥሩ ነገረን። ሳጋራ የሚባል ንጉሥ 60,000 ወንዶች ልጆች ነበሩት አሉ። ለመሥዋዕት የተለየው ፈረስ ጠፍቶ ሲፈልጉት ካፒላ የሚባል ባሕታዊ ዘንድ ያገኙትና ሌባ ብለው ሲጮሁበት፣ ዓይኑን ገልጦ ቢያያቸው ሁሉም አመድ ሆኑ። ነፍሳቸው የምታርፈው ጋንጋ (ጋንጅስ የምንለው ወንዝ) ከሰማይ ወርዳ አመዱን ስታጥበው ብቻ ነው ተባለ። ከስንት ትውልድ በኋላ ከዚያው ዘር የተወለደው ባጊራታ ሱባኤ ገብቶ ለመነ። ወንዟ እንዳለች ብትወርድ ምድርን ትሰነጥቃት ስለነበር አምላካቸው ሺቫ በፀጉሩ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ለቀቃት። ሃሪድዋር ደግሞ ጋንጋ ከሂማሊያ ወጥታ ሜዳውን የምትይዝበት ቦታ ነው። ሰው የሟቹን አመድ ይዞ እስከ ዛሬ እዚያ የሚመጣው ለዚህ ነው። ካህናቱም የየቤተሰቡን የዘር ሐረግ በረጃጅም መዝገብ ጽፈው ይዘዋል፤ አንድ ሂንዱ መጥቶ የአባቶቹን መንደር ከነገራቸው ስማቸውን ፈልገው ያወጡለታል። ሰባት ቤት መቁጠር የሚወዱት አጎቶቼ ይህን ቢሰሙ ይቀናሉ።

ታዲያ ሃር ኪ ፓውሪ በሚባለው ደረጃ ላይ ዋናው ነገር ፀሐይ ስትጠልቅ የሚደረገው የመብራት ሥርዓት ነው፣ አርቲ ይሉታል። እኛ ግን 10 ሰዓት ላይ «ሹፌሩ ማታ አይነዳም» ተብለን ተነሳን። ይሄ ስንከፍል አልተነገረንም።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ደረጃው ላይ ጫማ ይወልቃል። አበባ እጃችሁ ላይ አስቀምጦ፣ ጸልዮ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ካልፈለጋችሁ አበባውን አትቀበሉ። መቅደሱ አካባቢ ሥጋም መጠጥም ክልክል ነው። ጾመኞች ግን እንዳትሸወዱ፣ ወጡ ቅቤና እርጎ አያጣውም። በየ12 ዓመቱ የሚከበረው ኩምብ ሜላ የሚባለው የሂንዱዎች ትልቅ በዓል ላይ ደግሞ ታማሚ ይዞ መሄድ አይታሰብም፣ ሚሊዮኖች ናቸው የሚጎርፉት።

ለቪዛና ለትኬት ሂዱባቸው። ሃሪድዋርን ከጨመራችሁ አዳር ያለው ካልሆነ አትክፈሉ፣ እሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ከከፈልኩት የተወሰነውን እንዲመልሱ ጠይቄ «እናየዋለን» ብለውኛል።