ለዲሽ ባለሙያችን ምስጋና፣ ልጆች ላሏችሁ ጥቆማ

አያት ኮንዶሚኒየምና አካባቢው ላላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ልጆች ላሏችሁ፣ ዲሽ የሠራልንን ወጣት በአደባባይ ላመሰግነውና ልጠቁማችሁ ነው። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል።

ከእሱ በፊት የመጣው ባለሙያ ሳህኑን ወደ ናይልሳት አዙሮ «ቻናል ሞልቶላችኋል» አለና ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። አልዋሸም፣ ሞልቶ ነበር። ልጄ እህቱን በካርቱን አረብኛ ማዘዝ ሲጀምር ግን አያቱ አልወደዱትም። ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮሳት ገብተዋል። ኢትዮሳት የሚሰራጨው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት ሲሆን ናይልሳት ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ያንን ሁሉ ርቀት አንድ ቋሚ ሳህን አይሸፍነውም። ይህን በትዕግሥት ያስረዳኝ ይኸው የማመሰግነው ወጣት ነው። አዲስ ሳህን ሊሸጥልኝ ሲችል በረንዳ ላይ የተጣለውን አሮጌውን አነሣና ወደ ምሥራቅ፣ ከናይልሳቱ ይልቅ በደንብ ቀና አድርጎ አሰረው። ዝገት የበላውን የኬብል ጫፍ ቆርጦ ለወጠ፣ ሁለቱን ሳህኖች በአንዲት ስዊች አገናኝቶ ወደ አንዱ ሪሲቨር አስገባቸው። ዋጋውን ጣራ ላይ ሳይወጣ ነግሮኝ ነበር፤ ከወረደም በኋላ ያው ነው።

ለዚህ ጽሁፍ ያነሣሣኝ ግን ከወረደ በኋላ ያደረገው ነው። የልጆች ፕሮግራም መቼ መቼ እንደሚያዩ ልጆቹን ራሳቸውን ጠየቃቸው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የልጆች ዝግጅት የሚያቀርቡትን ጣቢያዎች ለቅሞ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አከታትሎ ደረደራቸው። መቼም በእኛ አገር የሆነ ስብሰባ በቀጥታ የሚተላለፍ ከሆነ ቀድሞ የሚሰረዘው የልጆች ሰዓት ነው (ይህን የሚወስኑት ሰዎች ልጅ የላቸውም እንዴ?)። አሁን አንዱ ላይ ስብሰባ ከገባ ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ለትልልቆች የሆኑትን በይለፍ ቁጥር ዘጋቸው። የሪሲቨሩ ሰዓት በስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ «እማማ፣ እዚህ ላይ ዘጠኝ ሲል በእኛ ሦስት ሰዓት ነው» እያለ ለአያትየው ደጋግሞ አሳያቸው። እሳቸውም ተቀበሉት፤ ሪሞቱን የያዙት አሁን እሳቸው ናቸው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚጠነቀቅ ስጠይቀው «እኔ ፊደል የለየሁት ከጸሐይ ጋር ነው» አለኝ። ቀጭኔዋን አሻንጉሊት ማለቱ ነው። «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ን የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ቤታቸው ውስጥ መሥራት የጀመረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነው። እኔ የአባባ ተስፋዬ ልጅ ነኝ፤ ለካ ከእኔ በኋላ የመጡትም የራሳቸው ሰው ነበራቸው። ለአንድ ሻይ ያህል ጊዜ ስለዚህ ስናወራ ቆየን፤ ሻዩን ግን አልጨረሰውም፣ ሌላ ሰው እየጠበቀው ነበር።

አንድ ጉድለት አለበት፤ ሥራ ላይ እያለ ስልክ አያነሣም። መልእክት ብትልኩለት ማታ ይመልሳል። የቀጠረው ሰዓት ላይ ግን ይደርሳል፤ ባለሙያ ጠብቆ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእሱ ነግሬው እሰጣችኋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ብትጠሩት ይሻላል፤ በዝናብ ጣራ ላይ አይወጣም።