መርኩር ፕሮግረስ ወይስ ሮክዌል 6ሲ? ከስምንት ወር በኋላ

ማዞሪያ ያለው መላጫ፣ ፕሮግረስ፣ ያጓጓል፤ ለከርዳዳ ፂም ግን ፕሌቱ (ከምላጩ ሥር የሚገባው ብረት) የሚቀየረው ሮክዌል ይሻላል። ስምንት ወር ሲፈራረቁ ይህ ቀስ እያለ ነው የለየው።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፦ በምላጩ ስለትና ቆዳ ላይ በሚያርፈው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት ማስፋትና ማጥበብ። ሲሰፋ በአንድ ምት ብዙ ፀጉር ይወስዳል፣ ስህተትንም አይምርም።

ፕሮግረስ እጀታው ግርጌ ላይ ከ1 እስከ 5 የተጻፈበት ማዞሪያ አለው። ጉንጭን በ3 ላጭቶ ለአንገት ወደ 1 ተኩል መመለስ ከሁለት ሰከንድ አያልፍም። ሮክዌል ላይ ይህ የለም፤ ቁጥር ለመቀየር ጭንቅላቱ መፈታት አለበት። መላጨቱን አቋርጦ፣ ሳሙና በነካው እጅ እርጥብ ምላጭ መፍታት ጣት ያስቆርጣል። ፕሮግረስን ሲገጣጥሙ ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ከታችኛው ምልክት ጋር ትግጠም። ክዳኑ ዞሮ ከገባ ማዞሪያው የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። ከዚያም ጭንቅላቱን ፊት ለፊት አይቶ ምላጩ በሁለቱም ጎን እኩል መውጣቱን ማረጋገጥ ነው፤ ካልሆነ በትንሹ አላልቶ፣ ምላጩን ስለት በሌላቸው ጫፎቹ ይዞ ማስተካከል።

ሮክዌል ሦስት ፕሌት አለው፤ እያንዳንዱ ተገልብጦ ስለሚሠራ ስድስት ቁጥር ይሆናል፦ 1 ከ3፣ 2 ከ4፣ 5 ከ6 ጋር። ክፍተቱ በ1 ላይ 0.20፣ በ6 ላይ 0.79 ሚሊሜትር ነው።

ከርዳዳ ፂም ከቆዳ በታች ከተቆረጠ ተጠምዝዞ ሲያድግ ቆዳውን ይወጋል፤ አንገት ላይ የሚወጣው እብጠት ከዚህ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ቶሎ ብለው 1ን ይመርጣሉ። ሦስት ቀን ያደገ ፂም ላይ ግን 1 ይንሸራተታል፣ ፀጉሩ ይሰነቀርበታል፣ እጅም መጫን ይጀምራል። ተጭኖ በ1 ከመላጨት ሳይጫኑ በ3 መላጨት ይበጃል። ጉንጭ በ3፣ አንገት ከ2 ሳያልፉ፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ። ለዚህ ሁለት ቁጥር ማዞሪያ አያስፈልግም፣ ጉንጩ ሲያልቅ እጅን አድርቆ ፕሌቱን አንዴ መቀየር ይበቃል፤ አንዴ የተገኘ ቁጥር ደግሞ ብዙ አይቀየርም።

ፕሮግረስን የሚያስጠላው ጽዳቱ ነው። ሳሙናና የውሃ ኖራ ሞላው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ማዞሪያው ይከብዳል። በወር አንዴ ፈትቶ በሞቀ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ማጽዳት፣ ከደረቀ በኋላ የብሎኑ ጥርስ ላይ ጠብታ ዘይት። አቼቶ ውስጥ ማሳደር አይሆንም፤ ከክሮሙ ሥር ያለው የዚንክ ቅይጥ ነው፣ ቅቡ ከተነሳ ይበላል። 6ሲም ያው ቅይጥ ነውና በጣት ብቻ ይጥበቅ፣ በፒንሳ የሚያጠብቅ ብሎኑን ይሰብረዋል። ስቴንለስ የሚፈልግ 6ኤስን ይይ። የሮክዌል እጥበት ግን ሦስት ቁራጭ፣ አንድ ደቂቃ፣ አለቀ።

ለጉዞ 1 እና 3 ያለበት ፕሌት ብቻውን ይበቃል። ምላጩ በትልቁ ሻንጣ ይሂድ፤ የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፍተሻ በእጅ ሻንጣ የሚያሳልፈው ምላጭ የሌለበትን መላጫ ነው።