ጌቲስበርግ ላይ «የክቡር ዘበኛ» የእርሳስ ወታደር ለሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖች ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጌቲስበርግ ከተማ በተደረገ የአሻንጉሊት ወታደሮች ትርዒት ላይ አንድ ነጋዴ ፎርጅድ ዕቃ ለአጎቴ ሸጦላቸዋል። «በ1930ዎቹ የተሠራ፣ ኦሪጅናል፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ክቡር ዘበኛ» ብሎ ነው የሸጠው። 450 ዶላር ተቀብሏል። ሳጥኑን ከጠረጴዛ ሥር ያወጣው አማርኛ ስናወራ ሰምቶ ከየት እንደሆንን ከጠየቀን በኋላ ነው። ለሌላ ሰው አላሳየውም። ስለዚህ ነገሩ በተለይ እኛን ይመለከታል ብዬ አምናለሁ።

ከተማዋ ምንም ጥፋት የለባትም። ሂዱ፣ ልጆቻችሁንም ውሰዱ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በ270 ቁጥር አውራ ጎዳና ወጥታችሁ፣ ፍሬድሪክ ላይ 15 ቁጥርን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢፈጅ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 እስከ 3፣ 1863 የሰሜኑና የደቡቡ ጦር እዚያ ተዋግተው ወደ 51,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል፣ ተማርኳል፣ የገባበትም ጠፍቷል። በሦስተኛው ቀን ወደ 12,000 የደቡብ ወታደር ከጫካው ወጥቶ፣ ከአንድ ማይል ትንሽ የሚያንስ ገላጣ ሜዳ አቋርጦ በመድፍ ላይ ሄዷል። በቨርጂኒያ ሐውልት በኩል ቆማችሁ ያንን ሜዳ ስታዩት ነገሩ ይገባችኋል። ፕሬዚዳንት ሊንከን ያችን የታወቀች አጭር ንግግር ያደረገውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር 19፣ የወታደሮቹ መቃብር ሲመረቅ ነው።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ወደ ጦር ሜዳው ለመግባት ክፍያ የለም። መንገዶቹ፣ ሐውልቶቹ፣ ትንሹ ራውንድ ቶፕ የሚባለው ኮረብታ፣ መቃብሩ ሁሉ በነጻ ነው። የሚከፈለው ለሙዚየሙ፣ ለፊልሙና ለትልቁ የክብ ሥዕል ነው። ሥዕሉ በ1884 የተሠራ፣ 377 ጫማ ርዝመት ያለው ሲሆን ገንዘቡ አይቆጭም። ስለዚህ «የጦር ሜዳው መግቢያ ትኬት» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከ1915 ጀምሮ በመንግሥት ፈቃድ የሚሠሩ አስጎብኚዎች አሉ። በራሳችሁ መኪና አብረዋችሁ ገብተው ያዞሯችኋል። በጎብኚዎች ማዕከል በኩል መያዝ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ትርዒቱ ልመለስ።

የአሻንጉሊት ወታደር ትርዒት አይታችሁ የማታውቁ ትኖራላችሁ። ትልቅ አዳራሽ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ የፕላስቲክ፣ የቆርቆሮና የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ወታደሮች ተደርድረዋል። አንዳንዱ የጌቲስበርግን ጦርነት በትንሹ ሠርቶ፣ አጥሩን፣ ድንጋዩን፣ የወደቀውን ፈረስ ሳይቀር አሳይቷል። ልጆች ከዚያ ጠረጴዛ አይነቀሉም። አብዛኞቹ ነጋዴዎች ራሳቸውም ሰብሳቢ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሳትገዙም ቆመው ያስረዷችኋል።

የእኛ ሰው ለምን በቀላሉ እንደሚማረክ ልንገራችሁ። ብሪቴንስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ አለ። በ1893 ውስጣቸው ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን መሥራት ጀመረ፤ ቀላልና ርካሽ ስለነበሩ ዓለምን አጥለቀለቁ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወሬው የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ላይ ስለነበር፣ ይኸው ኩባንያ የኢትዮጵያን ወታደሮች ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። አንደኛው ሳጥን፣ ቁጥር 1424፣ የንጉሠ ነገሥቱ ክቡር ዘበኛ ነው። 1425 ደግሞ ተራው ዘማች። ማለትም ዕቃው በእውነት አለ። ሰውዬው ከምንም ተነስቶ የፈጠረው ውሸት ቢሆን ኖሮ በተወሰነ ጥያቄ ይጋለጥ ነበር። እውነተኛ ታሪክ ላይ የተለጠፈ ፎርጅድ ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው።

አያቴ፣ የአጎቴ አባት ማለት ነው፣ ክቡር ዘበኛ ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ከተሰለፉት አንዱ ናቸው። ፎቶግራፋቸው እንኳ ቤተሰቡ ውስጥ አልተረፈም። አጎቴ ያንን ሳጥን ተከፍቶ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «እነሱ ናቸው እኮ» አሉኝ። ነጋዴውም አይቷቸዋል። መጀመሪያ 600 ብሎ ጠራ፣ ከዚያ «ለእርስዎ ስል» እያለ ወደ 450 አወረደው። በካሽ ከሆነ ብቻ ነው ደግሞ ያለው። ነጋዴ የሰው ልብ ዕቃው ላይ ማረፉን ካወቀ ዋጋውን በዚያ ልብ ልክ ነው የሚተምነው።

ጉዱ የወጣው ከሁለት ጠረጴዛ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የያዝነውን ሳጥን አይቶ «ይህን ብዙ ጊዜ አይቼ አላውቅም፣ ላየው?» አለን። አንዱን ወታደር አንስቶ መዳፉ ላይ መዘነው። ምንም ሳይናገር ከራሱ ጠረጴዛ አንድ የድሮ ብሪቴንስ አንስቶ አጎቴ እጅ ላይ አስቀመጠ፤ በሌላኛው እጃቸው የእኛን። ልዩነቱን ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ታውቁታላችሁ። የድሮው ቀላል ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ የእኛ ድፍን ብረት ነው። ከዚያ ገለበጣቸው። በድሮው እግር ሥር የኩባንያው ስምና «እንግሊዝ አገር የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የእኛው ላይ ፊደሎቹ ቀልጠው እንደቀሩ ሻማ ተድበስብሰዋል። ከኦሪጅናሉ ላይ ቅርጽ ተወስዶ እንደገና የተቀዳ ዕቃ ምልክቱ ይሄ ነው፤ ቅጂው ጥቃቅኑን ነገር ይበላዋል።

ቀለሙንም አሳየን። የሰማንያና የዘጠና ዓመት ዕቃ የሚላጠው እጅ በሚነካበት ቦታ ነው። አፍንጫው፣ የጠመንጃው ጫፍ፣ ክርኑ ይላጣል። የእኛዎቹ ላይ ግን «ያረጀው» ነገር ጠፍጣፋው ጀርባቸው ላይ ነበር። ሆን ተብሎ ተፍቆ፣ ላዩ ላይ ቡናማ ነገር ተቀብቶበታል። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ቀለም ግን ትኩስ ነው።

ሳጥኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የዩቪ መብራት የሚሏት ትንሽ የእጅ ባትሪ አለች፤ ጥቂት ዶላር ነው ዋጋዋ። ሽማግሌው በጨርቅ አጨልሞ የሳጥኑ ወረቀት ላይ አበራበት። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። ወረቀትን ነጭ የሚያደርገው ኬሚካል የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ፣ የ1930ዎቹ ወረቀት እንዲያ አያበራም። አስመስሎ የተሠራ ሳጥን ነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ አስመስሎ መሥራት በራሱ ወንጀል አይደለም። ብዙ ሰው ቅጂ መሆኑን እያወቀ፣ በትንሽ ዋጋ፣ ለመደርደሪያው ይገዛል። ጥፋቱ ቅጂውን ኦሪጅናል ብሎ መሸጡ ላይ ነው።

ወዲያው ተመለስን። ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አሳየን፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ደረሰኙንም አውጡ አለን። «አሻንጉሊት ወታደሮች፣ 450» ይላል። ኦሪጅናል የሚል ቃል የለበትም። ሳጥኑን ሲሸጥ አፉ ላይ ያልነበረ ቃል አልነበረም፤ ሲጽፍ ግን ሁሉንም ዘለለው። አዘጋጆቹን ስናነጋግር ጠረጴዛ ከማከራየት ውጭ ለሽያጩ ኃላፊ አይደለንም አሉ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከዚህ ዓይነት ቦታ ውድ ዕቃ ስትገዙ ሻጩ ደረሰኙ ላይ በገዛ እጁ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፦ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ዘመን፣ ኦሪጅናል መሆኑን፣ ቀለሙ እንዳልታደሰ። የንግድ ስሙንና አድራሻውንም ይጨምርበት። ሐቀኛ ነጋዴ ይህን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። «አያስፈልግም፣ እመኑኝ» ካለ መልሱን አገኛችሁ። ዕቃውን ገልብጣችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሰውዬውም ጠረጴዛው ጋ እንዳለ አንሱት። በካሽና ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ አትክፈሉ፤ ከሄደ ሄደ ነው። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ግን ባንኩን መጠየቅ ትችላላችሁ። ክፍያው የታየበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም አለባችሁ፤ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ገበያውንም ከቤት ሳትወጡ ማየት ይቻላል። የጨረታ ቤቶች የሸጡትን ዕቃ ከነፎቶውና ከነዋጋው ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ቁጥር 1424 ብላችሁ ፈልጉ፤ ኦሪጅናሉ ምን እንደሚመስል ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስተያዩት።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የድሮዎቹ ወታደሮች እርሳስ ናቸው፣ ቀለማቸውም እንደዚያው። ብሪቴንስ የእርሳሱን ሥራ ያቆመው በ1966 ነው፤ አንዱ ምክንያት የልጆች ደኅንነት ሕግ ነው። እርሳስ መርዛማ ስለሆነ ለሕፃን እጅ አትስጡ፣ እናንተም ነክታችሁ ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ። ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር የሚያራግፍ ወታደር ካያችሁ ደግሞ እርሳሱ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነውና አትግዙት።

በጥይትም እንዲሁ ያታልላሉ። «ከጦር ሜዳው የተገኘ» ተብሎ የእርሳስ ጥይት በትንሽ ሳጥን፣ ከምስክር ወረቀት ጋር ይሸጣል። ከፓርኩ መሬት ምንም ነገር ቆፍሮ ማውጣት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ከግል እርሻ ላይ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ አለ፤ ትናንት ቀልጦ ተቀድቶ በአሲድ ነጭ የተደረገም አለ። ያንን የምስክር ወረቀት ማንም ሰው በቤቱ ፕሪንተር ያወጣዋል። ከየትኛው እርሻ፣ በማን፣ መቼ እንደተገኘ የማይናገር ወረቀት ዋጋ የለውም።

አጎቴ ነገሩን ለመተው ፈልገው ነበር። «ተይው ልጄ፣ አንዴ ሆኗል» ነበር ያሉኝ። እኔ እምቢ አልኩ። የፔንሲልቬንያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የተለወጠን ወይም የታደሰን ዕቃ ኦሪጅናል ነው ብሎ መሸጥን በግልጽ ይከለክላል። «የተሸጠ አይመለስም» የሚል ወረቀት መለጠፍም ለመዋሸት ፈቃድ አይሰጥም። አቤቱታችንን ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ለሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አስገብተናል። በኢንተርኔት ነው የሚሞላው፣ ክፍያ የለውም፣ የሌላ ግዛት ነዋሪ ብትሆኑም ግዢው እዚያ እስከተፈጸመ ድረስ ማስገባት ትችላላችሁ።

ይህን የመሰለ ሳጥን በጌቲስበርግም ሆነ በሌላ ትርዒት የገዛችሁ ካላችሁ ወታደሩን ገልብጡና ሥሩን እዩት። ፊደሉ ከተድበሰበሰ፣ ክብደቱም ድፍን ከሆነ ዕቃውን አትጣሉት፣ ለሌላ ሰውም አትሽጡት። ከነሳጥኑና ከነደረሰኙ ፎቶ አንሱና እናንተም አቤቱታ አስገቡ። አንድ አቤቱታ ብቻውን ከሆነ የእኛ ቃል በሰውዬው ቃል ላይ ነው፤ ሦስትና አራት ሰው ስለ አንድ ዓይነት ሳጥን ሲጽፍ ግን ቢሮው የሚይዘው ነገር ያገኛል።